ስምንት ሆኖ ጣና ዳር ጎጆ ተከራይቶ ማደር

ጣና ዳር ኪስ የሚያራቁተው አልጋው ሳይሆን ጀልባው ነው። የግል ጀልባ የሚከፈለው በጉዞ እንጂ በነፍስ ወከፍ ስላልሆነ ሦስት ሆናችሁም ስምንት ሆናችሁም ሒሳቡ ያው ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ሰው ቁረጡ። ስምንት ሰው ለአንድ ጀልባም ለሁለት ጎጆም ይመቻል። ቀብድ ያልከፈለ አይቆጠር፤ ሁለት ሰው በመጨረሻው ቀን ከቀረ የእነሱ ድርሻ በሌላው ላይ ይወድቃል። ብሩን አንዱ ይያዝ፣ ሌላው ይመዝግብ።

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። መስከረምና ጥቅምት ዳርቻው ለምለም ቢሆንም ወባ የሚበረታው ያኔ ነው። የጥምቀት ሰሞን አልጋ ስለሚወደድ ሌላ ሳምንት ምረጡ። የመንገዱን ሰላም ቀብድ ከመላካችሁ በፊት እዚያው ከሚኖር ሰው አጣሩ።

ጎጆውን ስትረከቡ አጎበሩን ወደ ብርሃን ዘርግታችሁ እዩት። ቀዳዳ ካለው በመርፌና በክር ይሰፋል፤ ጫፉ ፍራሹ ሥር ካልገባ ግን ደህናውም አይጠቅምም። ለመጠጥ ብቻ በቀን ለአንድ ሰው 2 ሊትር፣ ለሁለት ቀን 32 ሊትር ውሃ ያዙ። ሐይቁ ውስጥ አትዋኙ፦ ብልሃርዝያ አለ፤ ዓባይ በሚወጣበት በኩል ደግሞ ጉማሬ።

ጀልባውን በዋዜማው ተነጋገሩ፦ ደርሶ መልስ ነው? ስንት ሰዓት ይጠብቃል? ነዳጁ ከዋጋው ውስጥ ነው? የሕይወት አድን ጃኬቱንም ቁጠሩ፤ ስምንት ካልሞላ አትሳፈሩ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነሡ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ያስቸግራል። ገዳማቱ ያሉበት ዘጌ ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከወደቡ በቡናው ጫካ ውስጥ በእግር ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ይወጣል፤ የግድግዳ ሥዕሎቹን ተረጋግታችሁ እዩ። መግቢያ በየገዳሙ ለየብቻ ስለሚከፈል ዝርዝር ብር ያዙ። ደሴት ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አይገባም፤ ሴቶች ካላችሁ ከጉዞው አውጡት።

ለእራት ቆሮሶ የሚባለውን አሳ ግዙ፣ ለአንድ ሰው አንድ መካከለኛ። በጾም ከሆነ አሳ ማን እንደሚበላ ማን እንደማይበላ ገበያ ሳትወጡ ጠይቁ። የአሳው ዓይን ጎላ ብሎ የጠራ፣ የጉንጩ ክዳን ሲገለጥ ውስጡ ደማቅ ቀይ ይሁን። ቡናማ ከሆነ ተዉት። ቅርፊቱን ከጅራት ወደ ራስ በቢላ ጀርባ ፋቁ፤ ሆዱን አጽድታችሁ በሁለቱም ጎን ሦስት ሦስት ቦታ እስከ አጥንቱ ብጡት፤ ጨውና ሎሚ አሽታችሁ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። ከዚያ በጨርቅ በደንብ አድርቁት፤ እርጥብ ከገባ ዘይቱ ይረጫል፣ ቆዳውም ብረት ድስቱ ላይ ተጣብቆ ይላጣል። በጣም በጋለ ዘይት ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ጥበሱ። ስምንቱን ባንዴ ከጨመራችሁት ዘይቱ ይበርድና አሳው ዘይት ጠጥቶ ይልፈሰፈሳል። አንደኛው ጎን ወርቃማ ሳይሆን አትገልብጡት፤ ሲገለበጥ የሚፈረካከሰው ቸኩላችሁበት ነው።