ተጫዋቹ ዜሮ ሲጽፍ፦ የጽሑፍ ጨዋታ ስንሠራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ መማር የጀመረ ሰው ብዙ ሳይቆይ የጽሑፍ ጨዋታ መሥራት ያምረዋል። ሥዕል አይፈልግ፣ ድምፅ አይፈልግ። የኔው ጨዋታ ጀግናውን ጎንደር፣ ፋሲል ግንብ ውስጥ ይቆልፍበትና ሦስት በር ያስመርጠዋል። 1 መውጫ ነው፣ 2 ጨለማ ደረጃ፣ 3 አንበሳ። እኔ ስጫወተው እንከን አልነበረውም። ከዚያ ታናሽ እህቴ ተቀመጠች። የመጀመሪያ ምርጫዋ ዜሮ ሆነ። አንበሳው በላት።

«ዜሮ የሚባል በር የታለ?» ብላ ተቆጣች። ልክ ናት።

ታችኛውን ወሰን መርሳት

እኛ በሮቹን ከ1 ጀምረን እንቆጥራለን። ፓይተን ሊስት (ዝርዝር) ውስጥ ያለውን የሚቆጥረው ግን ከ0 ነው። ለዚህ ሲባል ተጫዋቹ ከጻፈው ላይ 1 እንቀንሳለን። ከዜሮ 1 ሲቀነስ -1 ይመጣል። ፓይተን ደግሞ -1 ሲባል «ከኋላ የመጀመሪያው» ብሎ ነው የሚረዳው፤ የመጨረሻውን በር አውጥቶ ይሰጣል። 4 ብትጽፍ ኖሮ ጨዋታው ወዲያው ይቆም ነበር፤ እኔም ስህተቱን ያኔውኑ አየው ነበር። ዜሮዋ ግን ድምፅ ሳታሰማ አለፈች። እኔ የምፈራው እንዲህ ያለውን ነው።

«ከ3 አይበልጥም» ብሎ ማጣራት ብቻ አይበቃም። «ከ1 አያንስም» የሚለውም ይግባ፤ ሁለቱም ከመቀነሱ በፊት።

ሁልጊዜ እውነት የሚሆን «ኦር» (ወይም)

ተጫዋቹ «ሰሜን» ቢል ወይም አሳጥሮ «ሰ» ቢል ወደ ሰሜን ይሂድ እንላለን። ከዚያ በአፍ እንደምናወራው፣ ምርጫ == "ሰሜን" ኦር "ሰ" ብለን እንጽፋለን። ፓይተን እንዲህ አያነበውም። ከኦር በኋላ ያለችውን "ሰ" ለብቻዋ ያያታል፤ ባዶ ያልሆነ ጽሑፍ ደግሞ ለእሱ እውነት ነው። ተጫዋቹ «ደቡብ» ቢል፣ «እናቴ ናፈቀችኝ» ቢል፣ ሰሜን ይሄዳል። የተፈቀዱትን ቃላት በአንድ ሊስት አስቀምጦ ምርጫው እዚያ ውስጥ መኖሩን በ«ኢን» መጠየቅ ይሻላል።

ቁጥር የሚመስለውን ሁሉ ቁጥር ማለት

ተጫዋቹ የጻፈውን የሚቀበለው «ኢንፑት» ምንጊዜም የሚመልሰው ጽሑፍ ነው፤ 2 ቢጻፍም ጽሑፍ ነው። እንደመጣ፣ ጽሑፍን ወደ ቁጥር የሚለውጠው «ኢንት» ውስጥ ከከተትነው፣ «ሁለት» ብሎ በቃል የሚጽፍ ሰው ሲመጣ ጨዋታው ይሞታል። ይህን የፈሩ ብዙ ጀማሪዎች ጽሑፉ አኃዝ ብቻ መሆኑን በሚመረምረው «ኢዝዲጂት» ቀድመው ያጣራሉ።

እዚህ ላይ ለኛ ተብላ የተጠመደች የምትመስል ወጥመድ አለች። ተጫዋቹ በግእዝ ቁጥር ፫ ብሎ ቢጽፍ፣ ኢዝዲጂት «አዎ፣ ይለፍ» ይላል። ኢንት ግን «አላውቀውም» ብሎ ቫልዩኤረር የተባለውን ስህተት ያወጣል። የየቋንቋውን ፊደላት በሚመዘግበው ዩኒኮድ ከ፩ እስከ ፱ ያሉት ዲጂት ተብለው ቢመዘገቡም ኢንት ከሚቀበላቸው አስርዮሽ አኃዞች ውስጥ አይደሉም። አስርዮሽ አኃዞችን ብቻ የሚያሳልፈው «ኢዝዴሲማል» ቢሆን ኖሮ ከበሩ ይመልሰው ነበር። እኔ የምመርጠው ግን ኢንትን «ትራይ» ውስጥ ሞክሮ ቫልዩኤረሩን መያዝ ነው። እሱን ብቻ! የስህተቱን ስም ሳይጠራ ሁሉንም የሚይዝ «ኤክሴፕት» ማለቂያ በሌለው ሉፕ (ድግግሞሽ) ውስጥ ከተቀመጠ፣ ኮንትሮልና ሲ ተጭኖ ለመውጣት የሚታገለውንም ሰው አይለቀውም።

ፊደሉን አለማቀራረብ

«ስትሪፕ» ዳርና ዳር ያለውን ክፍት ቦታ ይጠርጋል። ትልቁን ፊደል ወደ ትንሽ የሚለውጠው «ሎወር» ለእንግሊዝኛ ይጠቅማል፤ አማርኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለው ለኛ ሥራ ፈት ነው። የኛ ጣጣ ሌላ ነው። አንዱ «ምሥራቅ» ሲል ሌላው «ምስራቅ» ይላል። «ምዕራብ» እና «ምእራብ»፣ «ሰሜን» እና «ሠሜን»። ከአራቱ አቅጣጫ በሰላም የሚያድረው ደቡብ ብቻ ነው።

ለፓይተን ሥ እና ስ አይተዋወቁም። ስለዚህ ከማወዳደር በፊት ሠን ከነቤተሰቡ ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ፀን ወደ ጸ መለወጥ ነው። «ትራንስሌት» በአንድ ሠንጠረዥ ይጨርሰዋል። ኮዱ ውስጥ የጻፍናቸው ቃላትም በዚያው ወንፊት ይለፉ፤ አለዚያ የኛው «ምሥራቅ» ከተጫዋቹ «ምስራቅ» ጋር አይገናኝም። «በር።» ብሎ በአራት ነጥብ የሚዘጋ ጨዋ ተጫዋችም አለ። ስትሪፕ ካልነገሩት በቀር አራት ነጥቧን አይነካም።

ፈንክሽኑ ራሱን ጠርቶ መልሱን ሲጥለው

መልሱ ካልሆነ፣ ምርጫውን የሚጠይቀው ፈንክሽን (በስሙ የሚጠራ የኮድ ክፍል) ራሱን ጠርቶ እንደገና ይጠይቃል። ከጥሪው በፊት ግን መልሱን ለጠሪው የሚመልሰው «ሪተርን» ተረስቷል። ተጫዋቹ አንዴ ተሳስቶ ቀጥሎ ትክክለኛውን ሲጽፍ፣ መልሱ ሁለተኛው ጥሪ ውስጥ ቀልጦ ይቀራል፤ ለጨዋታው የሚደርሰው «ነን» (ምንም) ነው። አንዴም ያልተሳሳተ ሰው ይህን አያየውም። ሠሪው ራሱ ሲሞክረው የማያገኘውም ለዚህ ነው።

በ«ዋይል» ሉፕ መጠየቅ ይቀላል። ሪተርኑ ቢኖርም እንኳ ፓይተን ካልቀየሩት በስተቀር 1000 ገደማ ጥሪ ሲደራረብ ያቆማል። ኢንተርን ተጭኖ የማይለቅ ልጅ እዚያ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም።

«ስህተት!» ብሎ ዝም ማለት

ምን መጻፍ እንዳለበት ይነገረው። የኔ ጨዋታ አሁን «ዜሮ የሚባል በር የለም፤ ከ1 እስከ 3 ካሉት ይምረጡ» ይላል። እህቴ ሰሞኑን ደግማ ዜሮ ጻፈች። መልእክቱን አንብባ ሳቀች። ቀጥላ 3 ጻፈች።