አይሪስ መርዶክን ከየት ልጀምር ለምትሉ

በእንግሊዝኛ የምትጽፈው ደራሲና ፈላስፋ አይሪስ መርዶክ 26 ልብ ወለድ ጽፋለች፣ የፍልስፍና መጻሕፍቷ ሳይቆጠሩ። ይሄን የሰማ ወይ ደንግጦ ይተዋታል፣ ወይ ከመጀመሪያው ጀምሬ በተራ ልውጣው ይልና መንገድ ላይ ይቀራል። ሁለቱም ያሳዝነኛል። ሦስት ብቻ አንብቡ፣ ግን በደንብ።

በ‹ዘ ቤል› ጀምሩ። የ1958 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ገዳም አጠገብ አብረው የሚኖሩ ምእመናን፣ ሐይቅ ውስጥ የሰመጠ የጥንት ደወል፤ ታሪኩ ለእኛ አገር አንባቢ ባዳ አይሆንም። ገና መግቢያው ላይ ዶራ የምትባል ሴት ባቡር ውስጥ ተቀምጣለች። አንዲት አሮጊት ትገባለች። ዶራ ልነሳ አልነሳ እያለች ከራሷ ጋር ትሟገታለች፣ ወንበር ላግኝ ብዬ እኮ ነው ቀድሜ የመጣሁት ትላለች፣ በቃ አልነሳም ብላ ትወስናለች፤ ወዲያው ብድግ ብላ ትለቅላታለች! በአንበሳ አውቶቡስ የሚሄድ ሁሉ ይህችን ሙግት ያውቃታል። እኔን የያዘችኝ በዚህች ገጽ ነው።

ከዚያ ሕይወቷን አጥኑ። በ1919 ደብሊን ተወለደች፣ ገና በሕፃንነቷ ለንደን ገባች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ጀምሮ ቤልጅየምና ኦስትሪያ ውስጥ ስደተኞችን በሚረዳ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሠራች። ከ1948 ጀምሮ ኦክስፎርድ ፍልስፍና አስተማረች፣ የመጀመሪያ ልብ ወለዷ በ1954 ወጣ። ስደተኛና ቤት የለሽ ሰው በየመጽሐፏ ሲመላለስ ታዩታላችሁ፣ ያኔ ከየት እንደመጣ ይገባችኋል።

ሁለተኛው ‹ዘ ሲ፣ ዘ ሲ› ይሁን፣ በ1978 ቡከር የሚባለውን ትልቅ የልብ ወለድ ሽልማት ያሸለማት። ጡረታ የወጣ የቴአትር አዘጋጅ ባሕር ዳርቻ ይሰፍርና የልጅነት ፍቅረኛውን፣ ባለትዳር ሆና ያገኛታል። አለቅም ይላል። ማን ማንን እንደሚወድ ወረቀት ላይ እየጻፋችሁ አንብቡ፣ አለዚያ ይምታታባችኋል። እሷ ራሷ የመጀመሪያውን መስመር ሳትጽፍ ታሪኩን ሙሉ በሙሉ ነድፋ ትጨርስ ነበር።

‹ጃክሰንስ ዲሌማ›ን (1995) መጨረሻ ላይ አድርጉት። አልዛይመር እየጀመራት የጻፈችው ነው፣ ተመራማሪዎችም የቃላት ሀብቷ ከቀደሙት እንደሳሳ አሳይተዋል። ሁለቱን ያነበበ ሰው ልዩነቱ ራሱ ይታወቀዋል፣ ያማል።

መጻሕፍቱን ለማግኘት መጀመሪያ አራት ኪሎ አብርሆት ወይም ወመዘክር ጠይቁ። ካልሆነ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያሉትን አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ሞክሩ። ስሟን ከምትነግሯቸው ሽፋኑን ስልካችሁ ላይ አሳዩአቸው፣ ቶሎ ያስታውሳሉ። ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት መሐሉን ገለጥ አድርጉ፣ የቆየ ሙጫ ይደርቅና ገጹ ይረግፋል። ሦስቱንም አንድ ቀን አገኛለሁ አትበሉ። ‹ዘ ቤል› ከተገኘ ያዙና ሂዱ፣ ለሌሎቹ ስልክ ተዉላቸው።