ማካካሻንና ሰጥቶ መቀበልን በሳይንስ መረጃ ውስጥ እንዴት መለየት ይቻላል

በብዙ የሳይንስ ዘርፎች አንዱን መጠን ለማሳደግ ሌላውን መቀነስ ግድ የሚሆንበት ሰጥቶ መቀበል፣ እንዲሁም አንድ ለውጥ ያመጣውን ውጤት ሌላ ለውጥ የሚያጣፋበት ማካካሻ በተደጋጋሚ ይዘገባል። ዘገባውን ለመመዘን በቅድሚያ የሚጠየቀው ሁለቱን መጠኖች ያስተሳሰረው ገደብ ምንድን ነው የሚለው ነው። የፊዚክስ ሊቁ ሃይዘንበርግ እ.ኤ.አ. በ1927 ባቀረበው መርህ መሠረት በአንድ ቅንጣት ቦታና በሞመንተሙ (በክብደቱና በፍጥነቱ ብዜት) ላይ ያለው እርግጠኛ አለመሆን ሲባዛ ከተወሰነ ወለል በታች አይወርድም፤ የመሣሪያ ጥራትም ይህን አይለውጠውም። በስታቲስቲክስ ግን የሌለውን አለ የማለት ስህተትና ያለውን የለም የማለት ስህተት የሚሻሙት የናሙናው መጠን ባለበት ሲቆይ ነው፤ ናሙናው ሲሰፋ ሁለቱንም አብሮ መቀነስ ይቻላል። ገደቡን ለይቶ ያልጠቀሰ ጽሑፍ፣ ቢያንስ በእኔ ግምት፣ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው።

ቀጥሎ የቁጥሮቹ ምንጭ ይመረመራል፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ቢሰጠው ይበጃል። ኬሚስቶች ሞለኪውሎች ከፕሮቲን ጋር ሲጣመሩ የኤንታልፒ (በቀላሉ የሙቀት ይዘት) እና የኢንትሮፒ (የመበታተን መጠን) ለውጦች ሲካካሱ ደጋግመው አይተዋል። ሆኖም የኢንትሮፒው ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ አይለካም፤ ከኤንታልፒው ለውጥ ላይ የነፃ ኃይሉ (የጥምረቱን ጥንካሬ የሚያሳየው መጠን) ለውጥ ተቀንሶ፣ ቀሪው ለሙቀቱ ተካፍሎ የሚገኝ ነው። ሙከራው በ300 ኬልቪን ተካሂዶ የኤንታልፒው ልኬት በስህተት በሞል 5 ኪሎጁል ቢበልጥ፣ የኢንትሮፒው ዋጋ ማንም ሳይነካው በሞልና በኬልቪን 17 ጁል ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ኤንታልፒው ከኢንትሮፒው አንጻር በግራፍ ሲነደፍ፣ የልኬት ስህተት ብቻውን ነጥቦቹን ተዳፋቱ 300 ኬልቪን በሆነ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ሊደረድራቸው ይችላል። የመስመሩ ተዳፋት ከሙከራው ሙቀት ጋር ከተቀራረበ መጠርጠር ይገባል። የተሻለው መንገድ ኤንታልፒውን ከኢንትሮፒው ይልቅ ከነፃ ኃይሉ ጋር በግራፍ ማነጻጸር ነው፤ ሁለቱ በተናጠል ከተለኩ ስህተታቸው አይተሳሰርም። የስታቲስቲክስ ሊቁ ካርል ፒርሰንም እ.ኤ.አ. በ1897 ዝምድና የሌላቸው ሁለት መጠኖች ለአንድ የጋራ ቁጥር ሲካፈሉ ዝምድና ያላቸው መስለው እንደሚታዩ አሳይቶ ነበር።

በሥነ ሕይወት ችግሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ በእርግጥ ያለው ሰጥቶ መቀበል ይደበቃል። ብዙ እንቁላል የምትጥል ወፍ ዕድሜዋ ያጥራል ተብሎ ቢጠበቅም፣ ምግብ በደንብ ያገኘችው ለሁለቱም ስለሚተርፋት ብዙ እየጣለች ረጅም ዕድሜ ልትኖር ትችላለች። የሥነ ሕይወት ተመራማሪዎቹ ቫን ኖርድዋይክና ዴ ዮንግ እ.ኤ.አ. በ1986 ያብራሩት ይህንኑ ነው። ስለሆነም ወፎቹን እንዳሉ እርስ በርስ ከማወዳደር ይልቅ፣ በዕጣ በተመረጡ ጎጆዎች ላይ ጫጩት ጨምሮ የወላጆቹን በሕይወት መቆየት መከታተል ይሻላል።

ማካካሻ መኖሩ ከተረጋገጠ መጠኑ በጥምርታ፣ ማለትም የተመለሰው ለጠፋው ተካፍሎ፣ ይገለጽ። አንድ ኩላሊቱን የለገሰ ሰው ከነበረው አቅም ግማሹን ያጣል፤ የቀረው ኩላሊት ግን ሥራውን ጨምሮ ወደ 70 በመቶ ገደማ ያደርሰዋል። ከጠፋው 50 ውስጥ 20 ስለተመለሰ ጥምርታው 0.4 ነው። የኢኮኖሚ ሊቁ ጄቮንስ እ.ኤ.አ. በ1865 ስለ ድንጋይ ከሰል የተከራከረው ግን ጥምርታው ከ1 ስለሚበልጥበት፣ ማለትም ተመልሶ የመጣው ፍጆታ ከተቆጠበው ስለሚበልጥበት ሁኔታ ነበር፤ ቁጠባ ያመጣል የተባለው ማሽን አጠቃላይ ፍጆታውን አሳደገው። ኩላሊቱ በማግስቱ የሚያሳየው አቅምና ከወራት በኋላ የሚያሳየው አንድ ስላልሆነ፣ ከጥምርታው ጎን የተለካበት ጊዜም መጻፍ አለበት።