የሲፒአር ልምምድ በራሳችሁ ዎርድ ውስጥ እንዴት ይሰራል

ሲፒአር (ልቡ ቀጥ ላለ ሰው ደረት እየተጫኑ ትንፋሽ የመስጠት እርዳታ) ስልጠና ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው አዳራሽ፣ ፓወር ፖይንትና ሰርተፍኬት ነው፣ እሱም ጥሩ ነው ግን የበሽተኛ ልብ ማታ ዲዩቲ ላይ ቀጥ ሲል ቲሙ የሚደናገረው አምቡ ባጉ (በእጅ እየተጨመቀ ትንፋሽ የሚሰጥበት ባግ) የት እንዳለ ስለማይታወቅ፣ ማን ደረት ማን ኤርዌይ (የአየር መተላለፊያውን) እንደሚይዝ ስላልተነጋገሩ፣ ሁሉም ባንዴ እያወራ ማንም ማንንም ስለማይሰማ ነው። ይሄ የሚለመደው ደግሞ እዛው አልጋ ላይ፣ በዛው ክራሽ ካርት (የድንገተኛ መድሀኒትና እቃ ጋሪ)፣ አብሯችሁ ሺፍት ከሚገባው ሰው ጋር ስትሰሩት ነው። ስለዚህ ሲሙሌሽን ሴንተር (የልምምድ ማእከል) የለንም ብላችሁ አትተዉት።

እቃ ብዙ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1960 አሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ላይ ኩዌንሆቨን፣ ጁድና ኒከርቦከር የተባሉ ተመራማሪዎች ደረት በእጅ በመጫን ብቻ ደም ማዘዋወር እንደሚቻል ያሳዩ ጊዜ ነገሩ ከኦፕሬሽን ክፍል ወጥቶ እጅ ያለው ሁሉ የሚሰራው ሆነ፣ በዛው አመት ሪሰሲ አን የምትባለዋን ማኔኪን (የልምምድ አሻንጉሊት) ያወጣው ኦስሙንድ ላርዳል ደግሞ ኖርዌይ ውስጥ አሻንጉሊት ሰሪ ነበር። እናንተም ደረቱ ሲጫን ገብቶ የሚመለስ ግማሽ አካል ማኔኪን ከነርሲንግ ትምህርት ክፍሉ ስኪል ላብ ተበደሩ፣ ይበቃል። በጤነኛ ሰው ደረት ላይ ግን በፍጹም አትለማመዱ።

ከመጀመራችሁ በፊት የዎርዱን ሀላፊና የዲዩቲ ሀኪሙን አስፈቅዱ፣ አስታማሚዎችንም ቀድማችሁ አናግሩ፣ ሩጫና ጩኸት ሲያዩ ይደነግጣሉ። የልምምድ መድሀኒት ላይ በትልቁ «ልምምድ» ብላችሁ ለጥፉበትና ሲያልቅ ቆጥራችሁ አንሱ፣ ውሀ የተሞላ ሲሪንጅ ካርቱ ላይ ከቀረ በኋላ እውነተኛ በሽተኛ ላይ ሊሰጥ ይችላል። ዲፊብሪሌተሩንም (ለልብ የኤሌክትሪክ ሾክ የሚሰጠውን ማሽን) ለሾክ ባልተሰራ ማኔኪን ላይ አታፍሱት፣ ቻርጅ አርጋችሁ እዛው ማሽኑ ላይ ሰርዙት። እውነተኛ ኬዝ ከመጣ ልምምዱ ወዲያው ይቆማል፣ ይሄን ሁሉም ይወቅ።

ኬዙ እናንተ ዎርድ የሚመጣ አይነት ይሁን። ለምሳሌ እኔ የምወደው፦ የ45 አመት ሴት፣ ሃርት ፌይለር (የልብ ድካም) ያለባት፣ ፉሮሰማይድና ዲጎክሲን የሚባሉ መድሀኒቶች ላይ ያለች፣ ጠዋት የተላከ ፖታሲየም 2.1 (በጣም ዝቅተኛ፣ ልብ ሊያቆም የሚችል) ሆኖ ውጤቱ ቻርቱ ውስጥ ተቀምጧል ግን ማንም አላየውም። ነርሷ ቫይታል ሳይን ልትወስድ ስትቀርብ በሽተኛዋ አትመልስም፣ ትንፋሽ የለም፣ ፐልስ የለም። እዚህ ጋ ሰአት መያዝ ጀምሩ።

የመጀመሪያዎቹ 2 ደቂቃዎች የዛች ነርስ ናቸው፣ ሀኪሙ ገና ደረጃ እየወጣ ነው። ጮኻ እርዳታ ትጥራ፣ ሀኪም እስኪመጣ ሳትጠብቅ ደረት መጫን ትጀምር። በደቂቃ ከ100 እስከ 120፣ ጥልቀቱ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር፣ በየጫናው ደረቱ ሙሉ በሙሉ ይመለስ፣ 30 ጊዜ ተጭኖ 2 ትንፋሽ። ፍጥነቱን ስልካችሁ ላይ ሜትሮኖም ከፍታችሁ ለኩት፣ ሰው ሲደነግጥ እጅግ ይፈጥናል ጥልቀቱም ይጠፋል። ፍራሹ የሚሰምጥ ከሆነ ከስሩ ሰሌዳ ይግባ፣ አጭር ሰው በርጩማ ላይ ይውጣ፣ በርጩማው የት እንዳለ የምታውቁት ደግሞ ያኔ ነው።

ቲሙ ሲሞላ አንድ ሰው ይምራ፣ እግር ስር ቆሞ ሁሉን ይይ፣ እጁን በስራ አያስገባ። ሌሎቹ ደግሞ፦ ደረት የሚጫን፣ አምቡ ባግ የሚይዝ፣ ሞኒተርና ሾክ ላይ የሚቆም፣ መድሀኒት የሚሰጥ፣ ሰአት እየያዘ የሚጽፍ። ሰው ካነሰ ይደረባል፣ ግን ጸሀፊውን አትዝለሉት። ደረት የሚጫነው በየ2 ደቂቃው ይቀየር፣ ደክሞኛል እስኪል አትጠብቁት። ሪትም (ሞኒተሩ ላይ የልብ ምቱን) ስታዩ ከ10 ሰከንድ በላይ እጅ አይነሳ። ቪ ፊብ (ልቡ ደም ሳይረጭ የሚንቀጠቀጥበት ሪትም) ከሆነ ሾክ፣ ሾክ እንደተሰጠ ፐልስ ሳይፈለግ ወዲያው ወደ ደረት። ኦክስጅኑም በሾክ ሰአት ከደረቱ ይራቅ።

ትዕዛዝ በስም ተጠርቶ ይሰጥ፣ የተቀበለው ይድገመው፣ ሲጨርስ ይናገር።
«ሲስተር፣ አድሬናሊን 1 ሚሊግራም በደም ስር ስጪ።»
«አድሬናሊን 1 ሚሊግራም፣ እየሰጠሁ ነው ዶክተር።»
«ተሰጥቷል፣ 3 ሰአት ከ12።»
ይሄ ለጆሮ የተንዛዛ ይመስላል ግን አድሬናሊን በየ3 እስከ 5 ደቂቃ ስለሚደገም፣ ሰአቱ ካልተባለ አንዱ ደግሞ ይሰጣል ወይ ሁሉም ይረሳዋል።

እኔ በጣም የማምንበትን ልንገራችሁ። መሪ ለሚሆነው ሲኒየር ሀኪም ቀድማችሁ በሚስጥር ንገሩትና ፐልስ ሲፈልግ ሆን ብሎ 20 ሰከንድ ይቆይ። ከዛ ማን እንደሚናገር እዩ። አብዛኛውን ጊዜ ነርሷም ኢንተርኑም ሰአቱን እያዩ ዝም ይላሉ፣ ይሉኝታ ነው፣ ትልቅን ማረም ነውር ስለሚመስለን። ስለዚህ «ዶክተር 10 ሰከንድ አልፏል፣ ልጀምር» የሚለውን አረፍተ ነገር ድምጽ አውጥተው እንዲሉት አርጉ፣ ሲኒየሩም «አመሰግናለሁ፣ ጀምሪ» ይበል። አንዴ በልምምድ ከአፍ የወጣ ነገር ለሁለተኛ ጊዜ አይከብድም፣ ዝም በተባለበት በዛ ጊዜ ደግሞ ወደ አንጎል ደም አይሄድም።

ፖታሲየሙንስ? ሪትሙ በሾክ እየተመለሰ መልሶ ሲጠፋ መሪው «ምክንያቱ ምን ሊሆን ይችላል፣ ቻርቱን ማን ከፈተው?» ብሎ ጮክ ብሎ እስኪጠይቅ ጠብቁ፣ እናንተ ቶሎ አትንገሯቸው።

10 ደቂቃ ሲሞላ አቁሙና እዛው ቁጭ ብላችሁ ዲብሪፊንግ (የሆነውን መለስ ብሎ መነጋገር) አርጉ፣ ከልምምዱ ራሱ ረዘም ያለ ጊዜ ስጡት። መጀመሪያ ጁኒየሮቹ ይናገሩ፣ ሲኒየሩ መጨረሻ፣ እሱ ከቀደመ ሌላው ራሱን መነቅነቅ ብቻ ነው የሚሆነው። ማን አጠፋ አይባል፣ ከወረቀቱ ላይ ሰአቱ ይነበብ፦ ከተገኘች እስከ መጀመሪያ ጫና ስንት ሰከንድ፣ እስከ መጀመሪያ ሾክ ስንት ደቂቃ፣ እጅ የተነሳበት ረጅሙ ጊዜ ስንት። የሚማረው ሰው እንዳይሸማቀቅ ቪዲዮም ፎቶም ግሩፕ ላይ አይለጠፍ።

በልምምዱ የተገኘ ጉድለት ሁሉ የሚያስተካክለው ሰውና ቀን ይጻፍለት፣ ማስክ የሌለው አምቡ ባግ፣ ባትሪው የሞተ ላሪንጎስኮፕ፣ የተቆለፈበትና ቁልፉ ቤቱ የሄደ ሰው ኪስ ውስጥ ያለ ካርት። ከዛ ያንኑ ኬዝ ምንም ሳትቀይሩ ለሌላኛው ሺፍት፣ በተለይ ለማታና ለቅዳሜ እሁድ ዲዩቲ አሰሩት፣ ሰው የሚያንሰው ያኔ ነውና።