በአንድ ኮምፒውተር ላይ የተለያዩ የፓይተን ቨርዥኖችን እንዴት ማስኬድ ይቻላል

ኡቡንቱ 24.04 (የሊኑክስ ሲስተም) ፓይተን 3.12ን ይዞ ይመጣል። የቆየ ፕሮጀክትዎ ግን ከ3.12 ጀምሮ የተወገደውን ዲስትዩቲልስ (distutils፣ ፓኬጅ መገንቢያና መጫኛ ሞጁል) የሚጠራ ከሆነ 3.11 ያስፈልግዎታል። ያለውን አጥፍቶ ሌላ ልጫን ማለት እዚህ ላይ አደገኛ ነው። ኡቡንቱ ራሱ ብዙ መሣሪያዎቹን የሚያስኬደው በዚያው ፓይተን ስለሆነ፣ እሱን ሲያስወግዱ ዴስክቶፑ ጭምር ተያይዞ ሊጠፋ ይችላል። የሲስተሙን ሳይነኩ የራስዎን ከጎኑ ይጫኑ።

በሊኑክስና በማክ ለዚህ የምመርጠው ፓይኢንቭን (pyenv) ነው፤ የተለያዩ የፓይተን ቨርዥኖችን ጭኖ የሚያቀያይር መሣሪያ ነው። (ትእዛዞቹን ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል ነው የሚጽፏቸው።)

1. መገንቢያዎቹን ያዘጋጁ። ፓይኢንቭ የፓይተንን ምንጭ ኮድ አውርዶ እዚያው ማሽንዎ ላይ ይገነባል። ስለዚህ የሲ ኮምፓይለር፣ ሜክ (make)፣ እንዲሁም የኦፕንኤስኤስኤል፣ የዚሊብና የኤስኪውላይት (የምስጠራ፣ የመጭመቂያና የዳታቤዝ ላይብረሪዎች) ዴቨሎፐር ፓኬጆች ቀድመው ይጫኑ። ይህን ደረጃ አይዝለሉት። ኦፕንኤስኤስኤል ከሌለ ግንባታው በስህተት ይቆማል፤ ይሄ ቀላሉ ነው። ኤስኪውላይት ሲጎድል ግን ማስጠንቀቂያ ብቻ አሳይቶ ያልፍና፣ ጉዱ የሚወጣው በኋላ ፕሮግራምዎ ዳታቤዝ ልክፈት ሲል ነው።

2. ፓይኢንቭን ይጫኑ፤ የሚሰጥዎትን የማስጀመሪያ መስመሮች ተርሚናሉ ሲከፈት በሚያነበው የባሽአርሲ (.bashrc) ፋይል፣ ማክ ላይ ደግሞ በዜድሽአርሲ (.zshrc) ውስጥ ጨምረው ተርሚናሉን ዘግተው ይክፈቱ።

3. «ፓይኢንቭ ኢንስቶል 3.11» (pyenv install 3.11) ብለው ይዘዙ። ግንባታው ደቂቃዎች ይፈጃል።

4. ወደ ፕሮጀክቱ ፎልደር ገብተው «ፓይኢንቭ ሎካል 3.11» (pyenv local 3.11) ይበሉ። ቨርዥኑ የተመዘገበበት አንድ ትንሽ ፋይል እዚያው ይፈጠራል። ከዚያ በኋላ በዚያ ፎልደር ውስጥ ፓይተን ሲሉ 3.11 ይነሣል፤ ከወጡ የቀድሞው ይመለሳል። ፋይሉን ጊት ውስጥ ቢያስገቡት የሥራ ባልደረቦችዎም የትኛው ቨርዥን እንደሚያስፈልግ ያውቃሉ።

አሁንም 3.12 የሚያሳይዎት ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ደረጃ 2 ላይ ነው። ፓይኢንቭ የሚሠራው የራሱን ፎልደር በፓዝ (ተርሚናሉ ፕሮግራሞችን በሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) መጀመሪያ ላይ አስቀምጦ ጥሪውን በመጥለፍ ነው፤ መስመሮቹ ካልተነበቡ የሚጠልፈው የለም። «ፓይኢንቭ ቨርዥንስ» (pyenv versions) ብለው የትኛው እንደተመረጠ ያረጋግጡ።

ዊንዶውስ ላይ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ሁለቱን ቨርዥኖች ከፓይተን ድረ ገጽ ጎን ለጎን ጭነው፣ አብሮ በሚመጣው ማስጀመሪያ ሲያስነሡ የሚፈልጉትን ቁጥር መጥቀስ ብቻ ነው።

ፓይኢንቭ ቨርዥን እንጂ ፓኬጅ አይለይም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት ቬንቭ (venv፣ የፕሮጀክቱን ፓኬጆች ለብቻ የሚይዝ ፎልደር) ይፍጠሩ። ቨርዥን በቀየሩ ቁጥርም ቬንቩን አጥፍተው እንደገና ይሥሩት፤ የድሮው የሚጠራው የተፈጠረበትን ፓይተን ነው።