ቁርጥማቱ ከብርድ ላይሆን ይችላል

ጉልበት ሲያብጥ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነው፤ «ብርድ መትቶህ ነው»። ቅባት ይታሻል፣ ጋቢ ይደረባል፣ ካልተሻለ ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ ይገዛል። ብርድ ሕመሙን ሊያባብሰው ይችላል። መገጣጠሚያን አቅልቶ የሚያሳብጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነገር ነው። ያለፈውን አንድ ወር መለስ ብለው ይዩት፦ ምን አሞዎት ነበር? ምን መድኃኒት ጀመሩ?

ልጁ ሰኞ ጉልበቴን ይላል፣ ረቡዕ ክርኔን

«እያደገ ስለሆነ ነው» ወይም «ትምህርት ቤት ላለመሄድ ነው» ብለው አይለፉት። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በፊት ጉሮሮውን አሞት ነበር? ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ያመጣው ቶንሲል በደንብ ካልታከመ፣ ሰውነት ባክቴሪያውን ሊዋጋበት ያዘጋጀው መከላከያ ዞሮ የራሱን መገጣጠሚያና ልብ ሊያጠቃ ይችላል። ሩማቲክ ፊቨር የሚባለው ይህ ነው። በብዛት የሚይዘው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው። ክፋቱ የመገጣጠሚያው ሕመም በራሱ ጊዜ ይጠፋል፤ የልብ ቫልቭ ግን ተበላሽቶ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ሐኪም ልቡን ይመርምረው። ከተረጋገጠ ቤንዛታይን ፔኒሲሊን በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ለዓመታት ይወጋል። ልጁ ሮጦ ሲጫወት አይቶ «ድኗል» ብሎ መርፌውን ማስቆም ነው ትልቁ ጥፋት።

መድኃኒት ከጀመርኩ ወዲህ ነው

ይሄኛውን ብዙ ሰው አይጠረጥርም። በቲቢ ሕክምና የመጀመሪያ 2 ወራት የሚሰጠው ፓይራዚናማይድ በደም ውስጥ ዩሪክ አሲድን (ሲበዛ ሪህ የሚያመጣውን ቆሻሻ) ይጨምራል፤ መገጣጠሚያም ያሳምማል። በገዛ እጅዎ እንዳያቋርጡት! ለጤና ባለሙያው ይንገሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ማስታገሻ ይበቃዋል።

የደም ግፊት መድኃኒቱ ሃይድሮክሎሮታያዛይድም እንዲሁ ዩሪክ አሲድ ያበዛል። ሌሊት የእግር አውራ ጣት ቀልቶ አንሶላ ሲነካው እንኳ የሚያስጮህ ከሆነ ሪህ ነው ብለው ይጠርጥሩ። ሁሌም ጥፋቱን ጥሬ ሥጋና ቢራ ላይ እንጥላለን፤ እነሱም ነጻ አይደሉም። ግን ሐኪሙ መድኃኒቱን ሊቀይረው ይችላል፣ ይጠይቁት።

ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ እየዋጡ ከተረከዝ በላይ ያለው ጅማት ካመመዎት ደግሞ መዋጡን ያቁሙና ወዲያው ሐኪም ያማክሩ። ጅማቱ ሊበጠስ ስለሚችል ስፖርት ይቅር። ከ60 ዓመት በላይ የሆኑና ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ስቴሮይድ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ይበልጥ ይጠንቀቁ።

ከተቅማጥ በኋላ ጉልበቴ አበጠ

ተቅማጥ የሚያመጣ ሳልሞኔላ ወይም ሺጌላ የተባለ ባክቴሪያ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ እንዲህ ያደርጋል። ዓይን ሊቀላ፣ ሽንት ሊያቃጥል ይችላል። በግብረ ሥጋ የሚተላለፈው ክላሚዲያም ተመሳሳይ ነገር ያመጣል፤ ሐኪም ፊት አይፈሩ፣ ሁሉንም ይናገሩ። ክላሚዲያ ከሆነ የትዳር ወይም የፍቅር ጓደኛም አብሮ ይታከማል።

ትኩሳቱ ይመላለሳል፣ ወገቤን ይቆርጠኛል፣ ያልበኛል

ጥሬ ወተት ጠጥተዋል? ከብት ያረባሉ? ብሩሴላ (ከከብትና ከጥሬ ወተት ወደ ሰው የሚተላለፍ ባክቴሪያ) ሊሆን ስለሚችል የደም ምርመራ ያድርጉ። ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክ ቢያንስ ለ6 ሳምንት ይወሰዳል። ወተቱን አፍልቶ መጠጣት ነው።

አንድ መገጣጠሚያ ብቻ ድንገት አበጠ፣ ይፋጃል፣ ትኩሳትም አለ

እዚህ ላይ ወሩን መለስ ብሎ ማሰብ አያስፈልግም። ውስጡ መግል ሊኖር ይችላል፤ መግል መገጣጠሚያን በቀናት ውስጥ ያበላሻል። አያሹት፣ ወጌሻ ጋርም አይውሰዱት፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።