የአካል ጉዳት ኢንሹራንስ ሌላ ገቢ ሲኖር ስንት ይከፍላል? አሜሪካ ዘመድ ላላችሁ የወሎ ቤተሰቦች

ታናሽ ወንድሜ ሜሪላንድ ውስጥ መጋዘን ይሠራ ነበር። ወገቡን ታሞ ሥራ ካቆመ ከዓመት በላይ ቆይቶ ከሶሻል ሴኩሪቲ (የአሜሪካ መንግሥት ማኅበራዊ ዋስትና) የተጠራቀመ የአካል ጉዳት አበል 15,000 ዶላር ገባለት፤ ከዚያው ላይ ደሴ ላለችው እናታችን የቤት ጣሪያ ማደሻ ላከ። ቆርቆሮው ተመትቶ ሳያልቅ በአሠሪው በኩል ከገባበት የአካል ጉዳት ኢንሹራንስ ድርጅት ደብዳቤ ደረሰው፤ «18,000 ዶላር መልስ» ይላል። ፎቶ አንሥቶ ላከልኝና ሌሊቱን በስልክ መስመር በመስመር አነበብነው። ያን ሌሊት የተማርነውን ሌላው ቤተሰብ ቀድሞ ቢያውቀው ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ የውሉን ሙሉ ቅጂ ከአሠሪው ወይም ከኢንሹራንስ ድርጅቱ በጽሑፍ ጠይቁ። ለሠራተኛ የሚታደለው አጭር መግለጫ አይበቃም። በውሉ ውስጥ «አዘር ኢንካም» ወይም «ዲዳክቲብል» የሚል ርዕስ ያለውን ክፍል ፈልጉ፤ ከክፍያው የሚቀነሱት ገቢዎች የተዘረዘሩት እዚያ ነው። ብዙ ጊዜ የሶሻል ሴኩሪቲ የአካል ጉዳት አበል፣ የሥራ ላይ ጉዳት ካሳና አሠሪው የሚከፍለው ጡረታ ይገኙበታል። ለልጆች የሚከፈለው አበልም ይቀነስ እንደሆነ እዚያው ተመልከቱ።

ቀጥሎ ሒሳቡን በወረቀት ሥሩት። በአሠሪ በኩል የሚገባ ኢንሹራንስ በአብዛኛው የደመወዝን 60 በመቶ ይከፍላል። የወንድሜ ደመወዝ በወር 4,000 ዶላር ስለነበር የተባለለት 2,400 ነው። ሶሻል ሴኩሪቲ 1,500 ሲሰጠው ኢንሹራንሱ 900 ብቻ ይጨምራል። ድምሩ ያው 2,400 ነው። እኛ ግን 3,900 የሚያገኝ መስሎን ነበር።

ኮምቦልቻ ካለ ቤት የሚገኝ ኪራይስ? በተለምዶ አይቀነስም፤ የባንክ ቁጠባም፣ ዘመድ አዋጥቶ የሰጠውም እንዲሁ። ሰውየው ራሱ ሱቅ ከፍቶ ቢነግድ ግን የሥራ ገቢ ነው፤ ትንሽም ብትሆን ማሳወቅ ግድ ነው። የተደበቀ ገቢ ከተገኘ ክፍያው እስከመቋረጥ ይደርሳል። ለማገገም ወደ ደሴ መምጣት የሚያስብም አስቀድሞ ውሉን ይይ፤ ከአሜሪካ ውጭ ጥቂት ወራት ከቆዩ ክፍያ የሚያቆሙ ውሎች አሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ኢንሹራንሱ በአብዛኛው ለሶሻል ሴኩሪቲ እንድታመለክቱ ያስገድዳል፤ ባታመለክቱ ታገኙት ነበር ያለውን ገምቶ የሚቀንስ ውልም አለ። የሶሻል ሴኩሪቲ አበል ጉዳቱ ከጀመረ በኋላ አምስት ሙሉ ወራት ካላለፉ አይጀምርም፤ ውሳኔውም ብዙ ይዘገያል። እስከዚያው ኢንሹራንሱ ሙሉውን እንዲከፍል፣ ኋላ ከሶሻል ሴኩሪቲ የሚመጣውን ውዝፍ እንድትመልሱ የሚያስገድድ ወረቀት ያስፈርማል። ወንድሜ ሳያነበው ፈርሟል። ስለዚህ ውዝፉ ሲገባ አንድ ዶላር እንኳ ሳትነኩ ለብቻው አስቀምጡት። ለእናት ጣሪያ ቢሆንም እንኳ። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ገንዘቡ ሲገባ ጀምሮ የሌላ ነበር።

«ገንዘብ መልስ» የሚለው ደብዳቤ ሲመጣም ደንግጣችሁ አትክፈሉ፤ የሶሻል ሴኩሪቲን የውሳኔ ደብዳቤ ጎን ለጎን አስቀምጡና ወራቱን ቁጠሩ። የሚመለሰው ሁለቱ ክፍያዎች የተደራረቡባቸው ወራት ብቻ ነው። ጠበቃ ከነበረ፣ ከውዝፉ ላይ የወሰደውን ክፍያ ብዙ ውሎች ከዕዳው ያነሡታል። ሶሻል ሴኩሪቲ በየዓመቱ ለኑሮ ውድነት የሚጨምረውንም ብዙ ውሎች ከክፍያው አይቀንሱም። ክፍያ በተከለከለ ወይም በተቀነሰ ጊዜ፣ በአሠሪ በኩል በተገባ ኢንሹራንስ ይግባኝ ለማለት ቢያንስ 180 ቀናት ይሰጣሉ።

እኛ ስንቆጥር ሶሻል ሴኩሪቲ የከፈለው የ10 ወር ነው፤ ኢንሹራንሱ የጠየቀው የ12። የውሳኔውን ቅጂ አያይዞ በጽሑፍ አመለከተ፤ 3,000 ዶላሩ ተሰረዘ። የቀረው በየወሩ ከ900ው ላይ 250 እየተቆረጠ እንዲከፈል ተስማምተዋል፤ እኔም ደሴ ሆኜ የእያንዳንዱን ወር ቀሪ ዕዳ በደብተር እመዘግባለሁ።